ሽረት ዓመት

በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን የአየር ጠባይ ዘገባ በማቅረብ የሚታወቀው አል ሮከር በ2018 መጋቢት ላይ አንድ ሰፊ ጂንስ ሱሪ ለተከታታዮቹ አሳየ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሱሪው ወገብ 54 ኢንች ነው። ከዚያ 16 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዕለት፣ ያንን ሱሪ ለብሶ ለቀዶ ጥገና ሲገባ 154 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። አባቱ ከመሞታቸው በፊት ክብደቱን እንዲቀንስ ቃል እንዳስገቡት ራሱ ተናግሯል። ሱሪውን ያላስጣለው ምን እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ክብደት ለመቀነስ ቀዶ ጥገና ያደረጉ አሜሪካውያን እንዲህ ያለውን ቀን «ሰርጂቨርሳሪ» ይሉታል። ሰርጀሪ ቀዶ ጥገና ነው፤ አኒቨርሳሪ በየዓመቱ ዞሮ የሚመጣ ቀን። ሁለቱን አዳቅለው አንድ ቃል አወጡ። በሐኪም ቤት መዝገብ ላይ አይገኝም፤ የታካሚዎች ቃል ነው። በዕለቱ የድሮ ፎቶውን ከአዲሱ ጎን አድርጎ የሚያሳይ አለ፣ ለቀዶ ሐኪሙ የምስጋና ደብዳቤ የሚልክ አለ፣ ከዚያ በፊት ደረጃ መውጣት ያቅተው የነበረ ሰው አምስት ኪሎ ሜትር ሮጦ የሚያከብርበትም አለ።

ወደ አማርኛ ለማምጣት ሲሞከር ቀድሞ የሚመጣው «የቀዶ ጥገና መታሰቢያ» ነው። ትርጉሙን አልሳተም፤ ነገር ግን «መታሰቢያ» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው ሐውልትና ጸሎተ ፍትሐት ነው። «ዳግም ልደት» ደግሞ ባለቤት ያለው ቃል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለጥምቀት ትጠራበታለች። «የምሕረት ቀን» ቢባል ከሕመም ለተነሣ ሰው «እንኳን እግዜር ማረህ» ከምንለው ጋር ይስማማ ነበር፤ ግን የሐኪሙንና የታካሚውን ልፋት ጨርሶ ይሸፍነዋል። እኔ የምመርጠው «ሽረት ዓመት» የሚለውን ነው። ሰው ከሞተ በኋላ ዓመቱ ሲደርስ «ሙት ዓመቱ ነው» እንላለን። የሙት ዓመት ተቃራኒ ግን እስከዛሬ ስም አልነበረውም። ስሙን «የሞት ሽረት ትግል» ከሚለው አነጋገራችን ማግኘት እንችላለን፤ ቁስሉ ሻረ፣ በሽተኛው ሻረ ስንል የምናውቀው ሽረት ነው። ሹም ሽር ትዝ የሚለው አንባቢም ቢኖር አይከፋም፤ ከወንበሩ የወረደው ክብደቱ ነው ብሎ ይሳቅ።

ግን ወፍሮ ለቀነሰ ሰው «ሻረ» ማለት አይበዛበትም ወይ? ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል። ብዙ ሰው ይህን ቀዶ ጥገና ለመልክ ብቻ የሚደረግ፣ ገንዘብ የተረፈው ሰው የሚቀናጣበት ነገር አድርጎ ያየዋል። የሕክምናው ታሪክ ሌላ ነው የሚለው።

በ1966 በአሜሪካው አይዋ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካሺ ኢቶ የተባሉ ሐኪሞች ጨጓራን ለሁለት ከፍለው ትንሹን ክፍል በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር አገናኙት። ሐሳቡን ያገኙት በጨጓራ ቁስለት ምክንያት ጨጓራቸው በከፊል የተቆረጠ ሴቶች ክብደት መጨመር ሲያቅታቸው አይተው ነው። ይህ ባይፓስ የሚባለው ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራው ግን ስሊቭ የሚሉት ዓይነት ነው። በስሊቭ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙዝ የሚያህል ቀጭን ቱቦ ነው። «ሆዱን አጠበቡለት» ብሎ ማለፍ ግን ነገሩን ግማሽ ማወቅ ነው። ጃፓናውያኑ ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ በ1999 ያገኙት፣ ግሬሊን የተባለ ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ተቆርጦ ከሚወጣው ከዚያው ክፍል ነው። ስለዚህ የሚለወጠው የጨጓራው ስፋት ብቻ ሳይሆን የረሃቡ ስሜት ራሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ «ሆዳም» ሲባል የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ሳህን በልቶ «በቃኝ» ሲል፣ ሲሰደብበት የኖረው ነገር የጠባይ ጉድለት ብቻ እንዳልነበረ ይገባዋል። ብዙዎች በሽረት ዓመታቸው አመሰግናለሁ የሚሉት በመጀመሪያ ለዚህ ነው።

ከዚያ የስኳር በሽታው አለ። በሰሜን ካሮላይና ዋልተር ፖሪስ የተባለ የቀዶ ሐኪም ባይፓስ የተሠራላቸው የስኳር ሕሙማን ኪሎአቸው ገና ሳይወርድ፣ በቀናት ውስጥ፣ ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ሲስተካከል አየ። በ1995 ያሳተመው ጽሑፍ ርእሱ ራሱ የመደነቅ ጥያቄ ነበር። አንጀት የሚልካቸው ሆርሞኖች መለወጣቸው ከምክንያቶቹ አንዱ እንደሆነ ዛሬ ይታወቃል። ለሁሉም ሰው አይሠራም፤ ከዓመታት በኋላ ስኳሩ የሚመለስባቸውም አሉ። ነገር ግን በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋ ለነበረ ሰው ያለ መርፌ ያለፉ ጥቂት ዓመታት ቀላል ነገር አይደሉም።

በስዊድን ደግሞ በ1987 የተጀመረ ረጅም ጥናት አለ። ቀዶ ጥገና ያደረጉ 2,010 ሰዎችና በተለመደው መንገድ የታከሙ 2,037 ሰዎች ተነጻጸሩ። በ2007 ውጤቱ ሲታተም፣ ከ11 ዓመት ገደማ ክትትል በኋላ፣ የዕድሜና የሌሎች ነገሮች ልዩነት ታስቦ በቀዶ ጥገናው ወገን የሞት አደጋ በ29 በመቶ ያህል አንሶ ተገኘ። «ሽረት» የሚለው ቃል አይበዛበትም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀዶ ጥገናው ራሱም ሞትን ፈጽሞ የሚያስረሳ አይደለም። በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 4,776 ሰዎችን ተከታትሎ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የሞቱት 0.3 በመቶ መሆናቸውን አግኝቷል። አኃዙ ትንሽ ነው፤ ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት ልጆቹን ስሞ ለገባ አባት ግን ትንሽ አይመስልም።

ታካሚዎች ከሰርጂቨርሳሪ ጋር አብረው የሚናገሩት ሌላ አባባል አላቸው፤ «ሚዛን የማያሳየው ድል» ብለን ብንመልሰው ይበቃል። የጫማን ክር ራስ ጎንበስ ብሎ ማሰር፣ አውሮፕላን ውስጥ የቀበቶ ማስረዘሚያ ሳይጠይቁ መቀመጥ፣ ሌሊት ትንፋሽ እንዳይቆራረጥ የሚታሰረውን የአፍንጫ መሣሪያ ሳያስሩ መተኛት። የእኛን ሰው ብትጠይቁት ዝርዝሩ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፦ ስግደት። ጉልበቱ ክብደቱን መሸከም አቅቶት ለዓመታት በወንበር ላይ ያስቀደሰ ሰው፣ ወይም ወንበር ላይ ሆኖ ይሰግድ የነበረ ሙስሊም፣ ግንባሩ መሬት ሲነካ የሚሰማውን ምስጋና ሚዛን አያሳየውም።

ይሁንና በእኛ ዘንድ ሽረት ዓመትን ጮክ ብሎ ማክበር ቀላል አይሆንም። መክሳት በአገራችን የደስታ ዜና ሆኖ አያውቅም። «ምነው ከሳሽ? አሞሽ ነበር እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ከፍቅር የሚመጣ ነው፤ «ተመችቶሻል» የሚባለው ደግሞ ወፈር ላለው ነው። በኤድስ ዘመን ውስጥ ያለፈ ትውልድ በድንገት የከሳ ሰው ሲያይ ምን እንደሚያስብ እናውቃለን። ስለዚህ አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ሆኖ ቀዶ ጥገናውን ያደረገ ወገናችን ብዙ ጊዜ «ስፖርት ጀምሬ ነው» ይላል፤ እናቱም ስልክ ላይ ፊቱን እያዩ ያለቅሳሉ። ሲናገር ደግሞ «አቋራጭ መንገድ ነው የመረጥከው» የሚል ሰው አይጠፋም። ጨጓራውን አስቆርጦ፣ ሳምንታት በፈሳሽ ኖሮ፣ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ሊውጥ የተስማማን ሰው አቋራጭ ፈላጊ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ማዕዱ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለው ሕግ ፕሮቲኑን አስቀድሞ መብላት ነው፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ይመከራል። የእኛ አበላል ደግሞ ወጡን በእንጀራ ጠቅልሎ ነው። ትንሹ ጨጓራ በእንጀራው ከሞላ ለሥጋውም ለምስሩም ቦታ አይተርፍም። አንድ የወዳጅ ጉርሻ፣ በተለይ ያ «ካልበላህልኝ ተቀይሜሃለሁ» እየተባለ የሚሰጠው ትልቁ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሙሉ ምሳ ሊሆን፣ አልፎም ሊያስመልስ ይችላል። ጾሙም አለ። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለተወ ሰው ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ይረዱታል፤ ግን በጥቂት ጉርሻ 60 ግራም መሙላት ያስቸግራል። በረመዳን ደግሞ ጭንቁ ውኃው ነው፤ ትንሿ ጨጓራ ብዙ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ አትቀበልም፣ ከመግሪብ እስከ ሱሑር ያለው ሰዓትም አጭር ነው። ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ወይም ሸኹን አስቀድሞ ማማከር ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው።

ምስጋናው ዓይን እንዳይጋርድ አንድ የምናውቀውን ሰው ላንሣ። ዲዬጎ ማራዶና በ2005 በኮሎምቢያዋ ካርታሄና ከተማ የጨጓራ ባይፓስ ተሠራለት። በዚያው ዓመት ብዙ ኪሎ ቀንሶ፣ ቀልጠፍ ብሎ፣ በአርጀንቲና ቴሌቪዥን የራሱን ዝግጅት ሲመራ ዓለም አየው። በ2007 ግን ከአልኮል ጋር በተያያዘ ሕመም ሆስፒታል ገባ። የማራዶና ሱስ ከቀዶ ጥገናው ብዙ ዓመታት የቀደመ ስለሆነ ነገሩን በባይፓሱ ማላከክ አይቻልም። ቢሆንም ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከባይፓስ በኋላ አልኮል በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮም በመጠጥ የመያዝ አደጋ ከፍ ይላል። ቀድሞ ኀዘኑን በምግብ ያስታግስ የነበረ ሰው ምግቡ ሲከለከል ሌላ ማስታገሻ ሊፈልግ ይችላል። ሽረት ዓመትን በውስኪ ማክበር ስለዚህ መጥፎ ቀልድ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጥቂት ኪሎ መመለሱም የተለመደ ነው፤ ያ ሲሆን አፍሮ ከሐኪም መደበቅ ነው ጉዳቱ።

በዓሉ እንዴት ይከበር ለሚል ሰው እኔ የምለው እንዲህ ነው። ስለት ካለበት ያስገባ፣ ወዳጆቹን ጠርቶ ጥቂት ይብላ፣ ሐኪሙን ያመስግን። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ደሙን ይመርመር። የተለወጠ ጨጓራና አንጀት ቢ12ን፣ ብረትን፣ ካልሲየምንና ቫይታሚን ዲን እንደ ድሮው አይቀበሉም። ጉድለቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከዓመታት በኋላ በደም ማነስ፣ በአጥንት መሳሳት ወይም በእጅና በእግር መደንዘዝ ይገለጣል። ልጅ የምትፈልግ ሴት ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር እንድትቆይ ሐኪሞች ይመክራሉ። ብዙ ጊዜ ክብደቱ ሲወርድ ሳይጠበቅ እርግዝና ይመጣልና ይህን አስቀድማ ብታውቀው ይሻላል።

በመጨረሻ በውጭ አገር ተሠርቶላችሁ ወደ አገር ቤት ለተመለሳችሁ ወይም ለመመለስ ላሰባችሁ አንድ ነገር ልለምን። የተሠራላችሁ ስሊቭ ይሁን ባይፓስ፣ መቼ ተሠራ፣ ምን ዓይነት መድኃኒት ትወስዳላችሁ የሚለውን የያዘውን የቀዶ ጥገና ማስረጃ ወረቀት ከሆስፒታሉ ጠይቃችሁ ያዙ፤ ቅጂውንም ለቤተሰባችሁ ስጡ። ድንገት ሆዳችሁን ቢያማችሁ ወይም ለቀናት ቢያስመልሳችሁ፣ የሚያያችሁ ሐኪም በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት ነገር እዚያ ወረቀት ላይ ነው ያለው።