ክረምቱ ሳይወጣ

በነሐሴ ወር አዲስ አበባ ውስጥ ስፖርት ስለመጀመር ብታነሱ የምትሰሙት መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ክረምቱ ይውጣና።» ኮልፌ ቀራኒዮ ላይ ደግሞ መልሱ ማስረጃ አያጣም። ከአጠና ተራ ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ዝናቡ ቀን ይጥልና ማታ ይደግማል። ፍልሰታም አለ፤ በጾም ማን ይሮጣል? ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ለመስከረም ይቀጠራል። መስከረም ሲመጣ እንቁጣጣሽ አለ፣ ዶሮው አለ፣ ከዚያ መስቀል ይከተላል። መስቀል ሲያልፍ የጥቅምት ብርድ ይገባል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ይጋመሳል፤ የተገዛው ቱታም ከነላስቲኩ ቁምሳጥን ውስጥ ይከርማል።

እኔ ኑሮዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። በእኛ ሙያ አንድ የታወቀ ችግር አለ። አንዱ ሥራ ሌላው እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ያኛው ደግሞ ሦስተኛውን ይጠብቃል፣ ሦስተኛው ዞሮ የመጀመሪያውን ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፤ ስህተት አለ የሚል መልእክትም አያወጣም። ዝም ብሎ ይቆማል። «ከመስከረም ጀምሮ» የምንለው ነገር እንደዚያ ይመስለኛል። ማንም እምቢ አላለም፣ ማንም አልሰነፈም፤ ሁሉም እየጠበቀ ነው። በዚህ መሐል ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውሉ ልጆች ሠላሳ ሳይሞላቸው ወገባቸውን ይዘው መነሣት ጀምረዋል። ስኳርና ደም ግፊትም የሽማግሌ በሽታ መሆናቸው ቀርቶ የቤተሰብ ወሬ ሆነዋል።

ይህ ጽሑፍ ግን የጤና ምክር አይደለም። ላነሣው የፈለግሁት ታሪክ ነው። ምክንያቱም «በክረምት አይጀመርም» የሚለውን ክርክር የሚያፈርሰው ማስረጃ ያለው እዚሁ፣ ጭቃው ጫማ የሚያስቀርበት ሰፈር ውስጥ ነው።

ሰኔና ሐምሌ 1954፣ ኮልፌ

በ1954 ዓ.ም. ዝናቡ በገባበት ሰሞን፣ 44 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሳምንታት የቀራቸው አንድ ረጅም ጠበቃ ከለንደን ተነሥተው ኮልፌ ገቡ። ኔልሰን ማንዴላ ናቸው። ድርጅታቸው የትጥቅ ክንፉን ያቋቋመው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሲሆን፣ እሳቸው የክንፉ የመጀመሪያ አዛዥ ነበሩ። ችግሩ ግን አዛዡ ወታደር ሆነው አያውቁም። ኮልፌ የሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር የተመረጠው ይህን ጉድለት እንዲሞላ ነው።

ማንዴላ በሕይወት ታሪካቸው ላይ እንደተረኩት ፕሮግራሙ ከባድ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ልምምድ፣ ከዚያ መታጠብና ምሳ፣ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት እንደገና ልምምድ። ከ10 ሰዓት በኋላ ስለ ጦር ሳይንስ ትምህርት የሚሰጧቸው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ፤ ኋላ ጄኔራል የሆኑት፣ በሜጫና ቱለማ ማኅበር ስማቸው የሚነሣው፣ በ1967 ዓ.ም. ደርግ የረሸናቸው ታደሰ ብሩ። የቀን ቀኑን ልምምድ የሚያሠራቸው ደግሞ በጣልያን ጊዜ በኅቡዕ የተዋጋ ልምድ ያለው መቶ አለቃ ነበር።

ተኩስ ተማሩ፣ ፈንጂ ተማሩ፣ ሞርታር ተማሩ። ከሁሉ ግን ወደው የጻፉለት ረጅሙን የእግር ጉዞ ነው። ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውኃ ብቻ ተይዞ በተወሰነ ሰዓት ሩቅ ቦታ መድረስ። በዚያ ጉዞ ላይ ጫካውን፣ ደጋውን፣ በእንጨት ማረሻ የሚያርሰውን ገበሬ እያዩ የገዛ አገራቸውን ገጠር ያስታውሱ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ቀኑን እናስላ። ሰኔና ሐምሌ ነው። በዛሬው ቋንቋ «ስፖርት የማይጀመርበት» ወቅት። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነ፣ ለንደን ከርሞ ለመጣ ሰው ትንፋሽ የሚያሳጥር ከፍታ። ሰውየው የአርባ ዓመት ጎልማሳ። ክረምቱ ይውጣ ቢባል ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ታሪኩ ራሱ ይነግረናል። ሥልጠናው ለስድስት ወር ታቅዶ ሳለ በሳምንታት ውስጥ ወደ አገርዎ ይመለሱ የሚል መልእክት ደረሳቸው። ኮሎኔል ታደሰ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው ሸኟቸው። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መንገድ ላይ ተያዙ። ኮልፌ የ1955ን እንቁጣጣሽ ስታከብር ማንዴላ እስር ቤት ነበሩ።

መስከረም ለእሳቸው አልመጣም ማለት ነው። የነበራቸው ያ ክረምት ብቻ ነበር።

ሦስት እርምጃ በሆነ ክፍል

ሽጉጡን ጆሃንስበርግ አጠገብ ሊሊስሊፍ በሚባል እርሻ ግቢ ውስጥ ቀበሩት፤ ኋላ ብዙ ተፈልጎ አልተገኘም። ሰውነትን የማሠራት ልማዳቸው ግን አብሯቸው ወኅኒ ወረደ።

ልማዱ ኮልፌ ላይ የተወለደ አልነበረም። ማንዴላ በ1950ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኦርላንዶ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ማታ ማታ ቦክስ ይሠሩ ነበር፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ። ኮልፌ ያንን ልማድ ወደ ወታደር ጉልበት አሳደገው። ወኅኒ ቤት ደግሞ እስከ መጨረሻው ፈተነው። ሮቢን ደሴት ላይ የነበሩበት ክፍል በሦስት እርምጃ ያልቃል። ሜዳ የለም፣ ጓንት የለም፣ የሚሸሹበት ዳገትም የለም። እዚያ ውስጥ ያደረጉትን በመጽሐፋቸው ዘርዝረውታል፦ ባሉበት ቆመው እስከ 45 ደቂቃ ሩጫ፣ በጣት ጫፍ 100 ፑሽአፕ፣ 200 ሲትአፕ፣ 50 ቁጭ ብድግ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ይሠራሉ፤ ሦስቱን ቀን ያርፋሉ። ያው የኦርላንዶው ፕሮግራም ነው።

ሒሳብ ስለምወድ አስልቼዋለሁ። 45 ደቂቃ በ4 ቀን ሲባዛ 180 ደቂቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ማንዴላ ምክሩ ሳይጻፍ በፊት፣ ሦስት እርምጃ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ለሩጫው ብቻ ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ መድበው ነበር። ኋላ ፖልስሙር ወደሚባል ወኅኒ ተዛውረው ከጓዶቻቸው ጋር አንድ ክፍል ሲያድሩ፣ ሊነጋጋ ሲል ተነሥተው መዝለል መጀመራቸው እንቅልፍ የተነሡትን ሰዎች እንዳላስደሰተ ራሳቸው ጽፈዋል። የትግል ጓድ ቢሆኑም ሰው ናቸዋ!

ለምን? ጡንቻ ለማሳየት አይደለም፤ የሚያያቸው ዘበኛ ብቻ ነው። ስፖርት ንዴትን ያስወጣል፣ ሐሳብን ያረጋጋል፣ ሰውነት ሲበረታ አእምሮም አብሮ ይበረታል ብለው ያምኑ ነበር። በወጣትነታቸው ንዴታቸውን በጓድ ወይም በፖሊስ ላይ ከማውጣት የቦክሱን ጆንያ መምታት ይሻል እንደነበር ጽፈዋል። ለልጆቻቸው በሚልኩት ደብዳቤም ስፖርት ሥሩ እያሉ ይመክሩ ነበር። የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. በ71 ዓመታቸው ከወኅኒ በእግራቸው ሲወጡ ዓለም ያየው ያንን ቀጥ ያለ አረማመድ ነው። አረማመዱ በአንድ መስከረም የተሠራ አይደለም።

ጳጉሜን 5

ማንዴላ ለኮልፌ እንግዳ ናቸው ይባል ይሆናል። እሺ፣ የራሳችንን ሰው እንይ።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶን ያሸነፈው በፈረንጅ መስከረም 10 ቀን 1960 ነው። ይህን ቀን ብዙ ጊዜ የምናየው በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ አንድ ነገር ያመልጠናል። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። የዓመቱ የመጨረሻ ቀን፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። እዚህ ችቦ በሚበራበት ምሽት፣ እዚያ የጣልያን ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት መንገድ አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ከዚያ በፊት ማራቶንን በዚያ ፍጥነት የሮጠ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ጳጉሜን 5 ላይ ያሸነፈ ሰው መቼ ነው የሠለጠነው? በክረምቱ ነው። ያኔ ልብስ የሚያደርቅ ማሽን የለ፣ ዝናብ የማያስገባ ጫማ የለ፤ ጭራሽ ጫማውም አልተስማማውም። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር፤ የሥልጠናው ቦታም ይኸው ዝናብ የሚወርድበት አገራችን።

የቶኪዮው ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ለሚካሄደው ውድድር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ልክ በመስከረም፣ አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና አወጣ። ዝግጅቱን «ከመስከረም ጀምሮ» ብሎ አስቀምጦት ቢሆን ኖሮ ቶኪዮ የሚባል ታሪክ አይኖረንም ነበር። ክረምቱን ሙሉ የተጠራቀመው ጉልበት ግን ከሆስፒታል አልጋ አስነሥቶ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ላይ አደረሰው። ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ እሱ ሜዳው ሣር ላይ ጋደም ብሎ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ።

በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከዱት። በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ቀስት ይዞ ቀረበ፤ በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ተወዳደረ። እግሩ ለሄደ ሯጭ ከዚህ የባሰ «አመቺ ያልሆነ ወቅት» የለም። ማንዴላ ክፍሉ ሲጠብ ሩጫውን ባሉበት አደረጉት፤ አበበ እግሩ ሲቀር በእጁ ቀጠለ። ሁለቱም ሁኔታው እስኪስተካከል አልጠበቁም።

የሩፋኤል ዝናብ

ይህ ነገር ለጀግና ብቻ የተሰጠ አይደለም። የቆየው ልማዳችንም ከዚሁ ጋር ይስማማል። ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል፣ ዝናብ ሲወርድ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ይታጠባሉ፤ ትልልቆቹም ለበረከት ብለው ከውኃው ይቀምሳሉ። በጳጉሜን ሌሊት ተነሥቶ ጠበል የሚወርደው ብዙ ነው። ቤቱ የሚጸዳው፣ ቄጠማው የሚፈለገው፣ ችቦው የሚታሰረው መስከረም 1 ከመድረሱ በፊት ነው። አዲሱ ዓመት የሚገባው አስቀድሞ ወደተዘጋጀ ቤትና ወደታጠበ ገላ ነው። እንቁጣጣሽ ጠዋት ላይ ቤት መጥረግ የሚጀምር ሰው ሰፈር ውስጥ መሳቂያ ይሆናል። ሰውነትን ግን ለዚያ ቀን እናቆየዋለን።

ከተማው በኋላ በኋላ ለሩጫ የሰጠውን ቦታ አንክድም። በኅዳር 1994 ዓ.ም. በኃይሌ ገብረሥላሴ አስተባባሪነት የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ 10,000 ሰው ይዞ መንገድ ሲወጣ፣ ሩጫ የአትሌት ብቻ አለመሆኑ ታየ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ መንገድን ለእሑድ ጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነፃ የማድረግ ዘመቻ ተጀመረ። በየሰፈሩ ያለው የጤና ቡድንም አለ፤ ቦርጩን እየገፋ ኳስ የሚያባርረው አባወራ። ይህ ሁሉ ደስ ይላል። ነገር ግን ሁሉም ቀን ይጠብቃል፤ እሑድን፣ ኅዳርን፣ የአየሩን መጥራት። ሰውነት ደግሞ ቀን አያውቅም። ልብ ጳጉሜንን ከመስከረም አይለይም።

ከኮልፌው ታሪክ ለተራ ሰው የሚተርፈው ሥርዓቱ ነው። ከክፍል የማይሰፋ፣ ከአየሩ ጋር የማይጣላ፣ ክፍያ የማይጠይቅ፣ አራት ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን የሚያርፍ። መቶውን ፑሽአፕ ተዉት፤ አሥርም ይበቃል። አርባ አምስቱን ደቂቃ ተዉት፤ አሥር ደቂቃ ባሉበት ዱብ ዱብ ማለት ከኪራይ ቤት ወለል በላይ አይፈልግም፤ ታች ቤት ያሉ ጎረቤቶች እንደ ፖልስሙር ጓዶች ቢያጉረመርሙም ይለምዱታል። ዋናው ዝናቡ እየወረደ መጀመሩ ነው። በጭቃ የተጀመረ ልማድ በጸሐይ ለመተው ምክንያት ያጣል፤ ጸሐይ ጠብቆ የተጀመረ ግን የመጀመሪያው ደመና ያስቆመዋል።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ «እንኳን አደረሳችሁ» መባባላችን አይቀርም። ያን ቀን ሰውነታችን ሁለት ሳምንት የሠራ ሆኖ ቢያገኘን፣ ዶሮውም ይበልጥ ይጣፍጣል።