ከኪዊ ቆርቆሮ የወጣው የልብ መሣሪያ

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ያለ ነው፤ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

ለመስቀል እንደ ሁላችንም አገር ቤት፣ ወልቂጤ፣ ወርጄ ነበር። በማግስቱ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሊጠይቀኝ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ የፈቀደልኝ ታሪኩን ነው። በከተማው የታወቀ በያጅ ነው፣ የሰፈሩን ግማሽ በርና መስኮት የሠራው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ክትፎው ቀርቦ እየበላን ሳለ የሸሚዙን ሁለት ቁልፍ ፈታና «ቲቸር፣ እስቲ እዚህ ጋ ይንኩ» አለኝ። በግራ ደረቱ በኩል፣ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጠንካራ ነገር ከቆዳው ሥር አለች። ፔስሜከር ናት።

ዓምና ሥራ ላይ እያለ ሁለት ጊዜ ራሱን ስቶ ወድቋል። ሲታይ ልቡ በደቂቃ 30 ጊዜ ብቻ ነው የሚመታው። ከልቡ የላይኛው ክፍል የሚነሳው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ወደ ታችኛው አልደርስ ብሏል። መርካቶ ያሉ ዘመዶቹ ተዋጡ፣ አዲስ አበባ ተተከለለት፣ ተነሳ። ግን ሐኪሙ «ብየዳ በቃህ» ብሎታል። የብየዳ ማሽን የሚፈጥረው ኃይለኛ መግነጢሳዊ መስክ መሣሪያዋን ሊያሳስታት ስለሚችል ነው። አሁን እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፤ ኤሌክትሮዱን የሚይዘው የእህቱ ልጅ ነው። ይህን ሲነግረኝ ፊቱን አዙሮ ነበር።

ቀጥሎ ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ ይቺን ማን ነው የሠራት? እርስዎ ፊዚክስ ሲያስተምሩን የፈልሳፊውን ስም ሳይነግሩን አያልፉም ነበር እኮ።»

አላውቅም ነበር። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ሳነብ ከረምኩ፤ ይኸው መልሴ። (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዘመኖቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ስዊድን ነው። አርነ ላርሶን የሚባል የ43 ዓመት ሰው በተመሳሳይ ሕመም በቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ ራሱን ይስት ነበር። ሚስቱ ኤልሰ ማሪ ትባላለች። ሁለት ሰዎች፣ ማለትም ቀዶ ሐኪሙ ኦከ ሴኒንግና መሐንዲሱ ሩነ ኤልምክቪስት፣ ልብን በኤሌክትሪክ ለመቀስቀስ እየሞከሩ መሆኑን ሰማችና ሄዳ ወጥራ ያዘቻቸው። ለሰው የሚሆን መሣሪያ የለንም አሏት። ታዲያ ሥሩ አለቻቸው! እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያዋ ፈልሳፊ እሷ ናት ባይ ነኝ፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ኤልምክቪስት ሁለት ትራንዚስተርና አንዲት ባትሪ ያላት ትንሽ ሰርኪውት ገጣጠመ። ከዚያ ሰውነት ውስጥ ውኃ እንዳይገባባት በኢፖክሲ ማሸግ ነበረበት። ለማሸጊያው ደግሞ ቅርጽ ማውጫ ያስፈልጋል። ምን ተጠቀመ? የጫማ ቀለም ቆርቆሮ! ኪዊ!

እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ታሪኬን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የ11 ዓመት ልጅ ሆኜ አጎቴ ከጉራጌ አገር ይዞኝ አዲስ አበባ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ሊስትሮ ነበር፤ ፒያሳ። ኪዊ ቆርቆሮ ሲያልቅ አንጥለውም። ሳንቲም እናስቀምጥበታለን፣ ለትንንሾቹ ጎማ አድርገን መኪና እንሠራበታለን። ያው ቆርቆሮ በሌላው ዓለም ጫፍ የሰው ልብ ማሸጊያ ሆኗል።

ጥቅምት 8 ቀን 1958 ስቶክሆልም፣ ካሮሊንስካ ሆስፒታል፣ ሴኒንግ የላርሶንን ደረት ከፍቶ ሽቦዎቹን ልቡ ላይ ሰፋቸው። የመጀመሪያዋ መሣሪያ የሠራችው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ሁለተኛዋን ተኩ፣ እሷም ብዙ አልቆየችም። ባትሪዋ የሚሞላው ከውጭ፣ በቆዳ ላይ በሚቀመጥ ጥቅል ሽቦ አማካይነት ነበር። (ተማሪዎቼ! ኢንዳክሽን ምን ይሠራል ስትሉኝ የነበራችሁ!) ላርሶን በዕድሜው ከ20 በላይ መሣሪያ ተቀያየረለት፤ የሞተው በ2001፣ በ86 ዓመቱ፣ በሌላ በሽታ ነው። ቀዶ ሐኪሙም መሐንዲሱም ከእሱ ቀድመው አልፈዋል።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር፤ ይሄኛው የእኛን ኑሮ ይመስላል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ዋልተን ሊለሃይ የሚባል የልብ ቀዶ ሐኪም ከቀዶ ጥገና በኋላ የልጆችን ልብ የሚያስመታው ግድግዳ ላይ በሚሰካ ትልቅ ማሽን ነበር። ጥቅምት 31 ቀን 1957 መብራት ጠፋ። እኛ አገር ብርቅ አይደለም፣ እነሱ ግን ደነገጡ። ሊለሃይ የሆስፒታል ዕቃ የሚጠግነውን ኧርል ባከንን ጠርቶ በባትሪ የሚሠራ ነገር አበጅልኝ አለው። ባከን ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። አንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ የወጣ የሜትሮኖም፣ ማለትም የሙዚቃ ምት መጠበቂያ፣ ሰርኪውት ትዝ አለው። ሙዚቃውን የሚመታው ልቡንም ይምታ ብሎ በ4 ሳምንት ሠርቶ አመጣ። ያ ጋራዥ ነው ሜድትሮኒክ የሆነው።

እስካሁን ግን ያወራሁት ስለ ሳጥኑ ነው፤ ዋናው ጉድ ያለው ሽቦው ላይ ነው። የላርሶን ሽቦ ልቡ ላይ እንዲሰፋ ደረቱ መከፈት ነበረበት። የእኔ ተማሪ ደረት ግን አልተከፈተም። ከትከሻው ሥር ባለ ደም መልስ በኩል ገብቶ፣ ደሙ የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ፣ የልቡ ቀኝ ክፍል ድረስ ወረደና ጫፉ ሥጋው ላይ ተያዘ። ይህን በ1958 ኒውዮርክ ውስጥ ያሳየው ሲሞር ፈርማን የሚባል ገና በሥልጠና ላይ ያለ ወጣት ሐኪም ነው። የ76 ዓመት ሽማግሌ ልብ 96 ቀን በዚያ ሽቦ ቆየ። ማሽኑ ትልቅ ስለነበር ሰውየው ወክ ሲያደርጉ በጋሪ እየተገፋ፣ የኤሌክትሪክ ማስረዘሚያው ኮሪደሩን እየተጎተተ ይከተላቸው ነበር።

ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ልብ መድረስ ይቻላል ያለው ደግሞ ከዚያም በፊት ነው። በ1929 ኤበርስቫልደ በምትባል የጀርመን ከተማ ቨርነር ፎርስማን የሚባል የ25 ዓመት ሐኪም ሐሳቡን ለአለቃው አቀረበ፤ ተከለከለ። መሣሪያ ክፍሉን የምትይዘውን ነርስ ለመናት። እኔ ላይ ሞክረው አለችው። ጠረጴዛ ላይ አስሮ አስተኛትና፣ እሷ ተራዋን ስትጠብቅ፣ ለሽንት ቧንቧ የሚሠራውን ቀጭን ካቴተር በራሱ ክንድ አስገባው። 65 ሳንቲ ሜትር! ከዚያ ፈታትና አብረው ደረጃ ወርደው ኤክስሬይ ክፍል ሄዱ፤ ጫፉ ልቡ ውስጥ ሆኖ ተነሳ። ለውለታው የተሰጠው ስድብ ነው፤ ትልቅ ሆስፒታል ገብቶም አባረሩት። የልብ ነገር ተወና የሽንት ቧንቧ ሐኪም ሆነ። ናዚ ፓርቲም ገብቶ ነበር፤ ያን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በ1956 ኖቤል ሲሸለም ያን መንገድ ሥራዬ ብለው ያዳበሩት ኩርናንድና ሪቻርድስ አብረውት ነበሩ።

ወደ ሽቦው ልመለስ። ሽቦ ለምን ይበጠሳል? ክፍል ውስጥ የልብስ መስቀያ ሽቦ ወዲህና ወዲያ እያጠፍኩ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ሳስቆጥራችሁ ትዝ ይላችኋል? ከሃያ ብዙም አያልፍም ነበር። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ በቀን 100,800 ነው፤ በዓመት ወደ 37 ሚሊዮን መታጠፍ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሽቦዎች በየጊዜው ይበጠሱ ነበር፤ ሳጥኑ ደህና ሆኖ ሰው በሽቦ ይሞታል። መፍትሔው እንደ ስፕሪንግ መጠምጠም ነው። መታጠፉ በረጅሙ ጥምጥም ላይ ስለሚከፋፈል አንዱም ነጥብ ብቻውን አይለፋም። ላዩን ሲሊኮን ወይም ፖሊዩሪቴን ያለብሱታል። ይህን ለተማሪዬ ስነግረው ከእኔ ቀድሞ ገባው፤ በያጅ አይደል።

አሁን ልጽፈው ያልፈለግሁትን ልጻፍ።

በ1987 ዓ.ም. ቡታጅራ ነበርኩ። ክፍሌ ውስጥ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ሁሌ ታረፍዳለች። ቤቷ ከዳገቱ ማዶ ነው፤ ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ትንሽ ትሄዳለች። እኔ ግን ይህን አላውቅም፣ አልጠየቅኩምም። ሰነፍ ናት ብዬ በር ላይ አንበረክካት ነበር። አንድ ቀን ተነሺ ስላት ከንፈሯ ጠቁሮ አየሁ። አባቷ ወስደው አሳይተዋት ነበር፤ አንድ ቦታ «ደም ማነስ ነው» ተብላ ኪኒን ይዛ ተመልሳለች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሲደርሱ የልቧ በር ጠቧል፣ ቀዶ ጥገናውም ውጭ አገር ነው ተባሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሞተች። ለቅሶ ቤት አባቷ ተነስተው «የልጄ መምህር» ብለው ወንበር ሰጡኝ።

በሽታው ሩማቲክ ይባላል። በልጅነት የሚይዝ የጉሮሮ ሕመም፣ በደንብ ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት ጀርሙን እዋጋለሁ ብሎ የራሱን የልብ በር ያቆስላል። የበሩ ሁለት ክንፎች ዳርና ዳራቸው እየተጣበቀ፣ 4 ካሬ ሳንቲ ሜትር የነበረው ቀዳዳ አንድ ድረስ ይወርዳል። ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ዳገት መውጣት አይቻልም።

ያኔ የማላውቀው ይህን ነው። ካንጂ ኢኖዌ የሚባል ጃፓናዊ የልብ ቀዶ ሐኪም፣ ደረት መክፈት ሥራው የሆነ ሰው፣ ደረት ሳይከፈት ያንን በር የሚያላቅቅ ፊኛ ሠርቶ በ1984 ለዓለም አሳትሞ ነበር። እሷ ከመሞቷ ከ11 ዓመት በፊት። ካቴተሩ ከጭን ሥር ባለ ደም መልስ ይገባል፣ ቀኝ ልብ ይደርሳል፣ ቀኝና ግራን የሚለየውን ስስ ግድግዳ ይበሳል፣ በጠበበው በር ይሾልካል። ብልሃቱ ፊኛው ላይ ነው። በሁለት የጎማ ሽፋን መካከል መረብ አለ፤ በመረቡ ምክንያት ፊኛው በአንዴ አይነፋም። መጀመሪያ ፊቱ ያብጣል፤ ሐኪሙ ወደ ኋላ ሲስበው በሩ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ ኋላው ያብጣል፤ አሁን በሩ በሁለት እብጠት መካከል ተይዟል፣ አይንሸራተትም። በመጨረሻ ወገቡ ይነፋና የተጣበቀው ይላቀቃል። ፊኛው የሚነፋው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። በሽተኛው ብዙ ጊዜ ነቅቶ ነው የሚያየው።

እንዲህ ዓይነት ዕቃ የጀመሩት ሰዎች ሥራ ቤት ብታዩት ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ ብዙ አይርቅም። ቻርልስ ዶተር የሚባለው የኦሬገን ሐኪም በ1964 ጣቷ የበሰበሰ፣ እግሯን አላስቆርጥም ያለች የ82 ዓመት አሮጊት የጠበበ ደም ቅዳ በካቴተር ከፍቶ በእግሯ እንድትሄድ አድርጓታል። ከዓመት በፊት ከቢል ኩክ ጋር ተዋውቆ ነበር፤ ኩክ መኝታ ክፍሉ ውስጥ በእሳት ችቦና በብየዳ ካውያ ካቴተር የሚሠራ ሰው ነው። ዶተር ያንን ችቦ ተውሶ ሆቴል ክፍሉ ሄዶ በአንድ ሌሊት ካቴተር ሠርቶ መለሰለት። ዙሪክ ያለው ግሩንትሲግ ደግሞ የልብን ደም ቅዳ የሚከፍተውን ፊኛ የሞከረው ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

በእኛ በኩል ዶክተር በላይ አበጋዝ የሕፃናት ልብ ሐኪም ሆነው ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች ሲሞቱ ማየት ቢበዛባቸው በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበርን መሠረቱ። መጀመሪያ ልጆችን ወደ ውጭ ይልኩ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ማዕከሉ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ተከፈተ፤ ካቴተር የሚሠራበት ክፍልም አለው። ወረፋው ግን ዛሬም በሺዎች ነው። ፊኛ በነፃ አይመጣም።

ሌላም ነገር ውስጤን ይበላኛል። ከ1986 ጀምሮ ቡታጅራ ዙሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተመረጡ 10 ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ እያለ ይመዘግብ ነበር። የእሷ ቀበሌ ከእነዚያ አንዱ ከሆነ፣ ሞቷ የሆነ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ተቀምጧል። አስተማሪዋ ደጅ ላይ እንዳንበረከካት ግን አልተጻፈም። እኔ ጻፍኩት።

መምህር የሆናችሁ ተማሪዎቼ፦ የሚያረፍድ ልጅ ካለ መጀመሪያ እንዴት እንደሚተነፍስ እዩ። ጉሮሮው የታመመ ልጅ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ፔኒሲሊን ከፊኛ በብዙ ይረክሳል። ልቡ አንዴ ተነክቷል የተባለ ልጅ በየወሩ የሚወጋውን መርፌ እንዳያቋርጥ አስታውሱት።

ትናንት ማታ ለበያጁ ተማሪዬ ደውዬ እስከ ሽቦው ያለውን አነበብኩለት። በኪዊው ሳቀ። ከዚያ ዝም አለና «ቲቸር፣ የሽቦው ጫፍ ላይ ያለችው ብረት ከጥምጥሙ ጋር በምን ነው የተያያዘችው?» አለኝ። ዛሬ የሚሠሩት በሌዘር ይበየዳሉ አልኩት።

«ይበየዳሉ?» አለ። ትንሽ ቆየና፦ «ውፍረቱ ስንት ቢሆን ነው?»