ፀሐይን የሠራት ማነው?

ባለፈው ጥር፣ የለገጣፎ ጤፍ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ፣ የሰፈራችን አናጢና እኔ ገለባው ላይ ቆመናል። በመሐላችን ክንፏ ከእኔ ቁመት የሚረዝም የቀርከሃ አውሮፕላን አለች። ሞተሯ ከአሮጌ የሣር መከርከሚያ የተፈታ ነው። ራዲዮ የላትም፣ ገመድም የላትም። አንዴ ከለቀቋት የሚመራት የለም።

«ጋሼ፣ ልልቀቃት?»

«ኧረ ቆይ ልጄ፣ ንፋሱ ይረፍ!»

ለመሆኑ የታሪክ ተማሪ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። የሠራናት አውሮፕላን የፀሐይ አምሳያ ናት። ፀሐይ ማለት በአገራችን የተሠራችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ናት።

ታሪኩ ባጭሩ ይኸው ነው። አውሮፕላን የሚባል ነገር አዲስ አበባን የረገጠው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 አብርሮ መጣ። ብዙም ሳይቆይ እነ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ እዚሁ ሠልጥነው ሰማይ ወጡ። ከዚያ ጀርመናዊው የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ ሉድቪግ ቬበር አውሮፕላን እዚሁ እንሥራ ብሎ ተነሣ። ንድፉ የኤሪክ ማይንድል ነበር፣ ሞተሩ ዋልተር ቬኑስ የሚባል፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ክንፏ ከበላይ የሆነ ቀላል አውሮፕላን ወጣች፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም ተጠራች።

ጊዜውን ልብ በሉ! ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሯል፤ ፀሐይ የበረረችው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ነው። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። አውሮፕላኗም ተማርካ ወደ ኢጣልያ ተጋዘች፣ በመጨረሻም ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ቆመች። ስሟን የሰጠቻት ልዕልት ለንደን ነርስነት ተምራ ተመልሳ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነቷ አረፈች። አውሮፕላኗ ግን ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ተሰጥታ አገሯ ገባች። 88 ዓመት መሆኑ ነው።

ታዲያ ሠሪዋ ማነው? አንዳንዱ «ንድፉም የፈረንጅ፣ ሞተሩም የፈረንጅ፣ የእኛ የሚያሰኛት ምንድነው?» ይላል። እኔም እንዲህ እል ነበር፤ ማሳው ላይ እስክቆም ድረስ።

እንዲህ ያለው ሥራ ነጻ በረራ ይባላል። አሳቡ ሁሉ መሬት ላይ ማለቅ አለበት። ሚዛኗ ከክንፉ ስፋት ከፊት አንድ ሦስተኛው ገደማ መውደቅ አለበት። ቤንዚኑ ሞተሩ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ እንዲጠፋ ተለክቶ ነው የሚገባው፤ አለዚያ እስከ ሰንዳፋ ብትሄድም ከልካይ የላት። በዚያ ላይ የእኛ አየር ስስ ነው። በለገጣፎ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም ክንፉም በዚያው ልክ ይደክማል። የቬበርም ሰዎች ከዚሁ አየር ጋር ነው የታገሉት።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀሰረች፣ ቆመች፣ በጭራዋ ወረደች። አንድ የክንፍ ድጋፍ ተሰበረ። ስሌቱ የእኔ ነበር፤ ጭራዋን አክብጄዋለሁ። አናጢው ምንም ሳይለኝ አዲስ ቀርከሃ ላገ፣ አፍንጫዋ ላይ እርሳስ አሰረ። በሁለተኛው፣ እስከ ሃያ ስንቆጥር በረረች! ሞተሩ ሲጠፋ ዞር ብላ ከላሞቹ አጠገብ ገለባው ላይ ተቀመጠች። የሰፈሩ ልጆች እልል አሉ።

አናጢው ክንፏን ሲዳስስ ቆየና፣ «የእኔን ስም የት ልትጽፈው ነው?» አለኝ። አፈርኩ። ክንፉ ላይ የጻፍኩት የራሴን ስም ብቻ ነበር።

ፀሐይ ስትመለስ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እንደሠራት ተነገረ። ቬበር ስም አለው፣ ማይንድል ስም አለው፣ ሞተሩ እንኳ ስም አለው። እንጨቱን የላጉት፣ ሸራውን የወጠሩት፣ መሣሪያ ያቀበሉት ግን «ኢትዮጵያውያን» ተብለው ቀሩ። አገር የሚለው ቃል ትልቅ ነው፤ ግን የሰው ስም አይተካም። በ2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ በገዛ እጁ የሠራትን አውሮፕላን ኬ-570ኤ ሲላት፣ «ኬ» ከእናቱ ከኪሮስ ስም፣ 570 ሥራው ከፈጀው ቀን ቁጥር ነበር። እሱ ገብቶታል፤ ሥራ ያለ ድካሙና ያለ ባለውለታው ስም ጎደሎ ነው።

እንግዲህ ፀሐይ የእኛ ናት ስንል ባንዲራዋን ብቻ አንይ። የእኛ ያደረጓት እጆች ናቸው። የታሪክ ተማሪ ሥራም ከነገሥታቱና ከፈረንጆቹ ስም በታች ያለውን ባዶ መስመር መጠየቅ ይመስለኛል።

የአናጢውን ስም እዚህ አልጻፍኩም፤ «ወረቀት ላይ ይቅርብኝ» ብሎኛል። ክንፏ ላይ ግን በቀይ ቀለም አለ። ከእኔ ስም በላይ።