ክብሪትና መንጋጋ

የታሪክ መጻሕፍት ስለ እሳት ሲያወሩ ከዋሻ ሰው ይነሡና ወደ ባቡርና ወደ መድፍ ይዘላሉ። በመካከሉ ያለችውን ትንሽ እንጨት፣ ክብሪትን፣ የሚያነሣት ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው እሷን ነው። አደገኛ ነገር በሥራ ቦታ እንዴት ይያዛል? የሚይዘውስ ማነው? ወጪውንስ ማን ይከፍላል? ይህን ጥያቄ ከክብሪት ታሪክ የበለጠ አጥርቶ የሚያሳይ ነገር አላገኘንም። (በተለይ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ራሱ የራሱ ታሪክ አለው። «ክብሪት» ከዐረብኛ የተወረሰ ቃል ነው፤ በመነሻው ድኝ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የታሪካችን ባለጉዳይ ድኝ ሳይሆን ፎስፎረስ ነው። ሄኒግ ብራንድ የሚባል የሐምቡርግ ሰው በ1669 ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ሽንት ሲያፈላ ከርሞ ወርቅ ሳይሆን በጨለማ የሚያበራ ነጭ ሰም መሰል ነገር አገኘ። ያ ነጭ ፎስፎረስ ነው። ለረጅም ጊዜ የሊቃውንት መደነቂያ ከመሆን አልፎ ብዙ ጥቅም አልሰጠም። ጆን ዎከር የተባለው እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ በ1827 ለገበያ ያቀረባት የመጀመሪያዋ የምትፈተግ ክብሪት እንኳ ፎስፎረስ አልነበረባትም፤ ለማቀጣጠልም ታስቸግር ነበር። በ1830 ግን ሻርል ሶሪያ የተባለ ፈረንሳዊ ወጣት ነጭ ፎስፎረስ ጨመረበት። ከዚያ በኋላ ክብሪት በግድግዳ ቢሉ፣ በጫማ ሶል ቢሉ፣ በሱሪ ቢሉ ቦግ የምትል ሆነች። ዓለምም ወደዳት።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ቀጫጭን እንጨቶች በፍሬም ላይ ይደረደራሉ። ፎስፎረስ፣ ሙጫ፣ ፖታሲየም ክሎሬትና ቀለም የተቀላቀለበት ትኩስ ልቁጥ ይዘጋጃል። ነካሪው የእንጨቶቹን ጫፍ በልቁጡ ውስጥ ይነክራል፣ ከዚያ ይደርቃሉ፣ ለሁለት ይቆረጣሉ፣ በሳጥን ይታሸጋሉ። ከልቁጡ የሚወጣው ጭስ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ክፍሉ ጠባብ፣ መስኮቱ ዝግ ከሆነ ጭሱ የትም አይሄድም፤ ወደ ሰው ይገባል። የሚገባበትም ቀዳዳ የታወቀ ነው፤ የተቦረቦረ ጥርስ።

በሽታው በጥርስ ሕመም ይጀምራል። ጥርሱ ይነቀላል፣ ቁስሉ ግን አይድንም። ድዱ ያብጣል፣ መግል ይይዛል፣ ከሥሩ ያለው የመንጋጋ አጥንት ቀስ በቀስ ይሞታል። ሽታው በሽተኛውን ከጎረቤት ቀርቶ ከገዛ ቤተ ሰቡ ይለየዋል። የሞተው አጥንት በቀዶ ጥገና ካልወጣ መርዙ ወደ ደም ገብቶ ይገድላል፤ የወጣ እንደሆነ ደግሞ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ያለ አገጭ ይኖራሉ። የእንግሊዝ ሠራተኞች «ፎሲ ጆ» ይሉት ነበር፣ የፎስፎረስ መንጋጋ ማለት ነው። (እንዲያው በነገራችን ላይ፣ በ2003 ሐኪሞች ቢስፎስፎኔት የተባሉ የአጥንት መድኃኒቶችን በሚወስዱ ሕሙማን ላይ ያንኑ የሚመስል የመንጋጋ መሞት ማየታቸውን ጽፈዋል። የድሮው በሽታ በሌላ በር ተመለሰ ማለት ነው።)

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ «በዚያ ዘመን ሰው አላወቀም ነበር» ትል ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። ሎሪንዘር የተባለ የቪየና ሐኪም በሽታውንና ምክንያቱን ለይቶ የጻፈው በ1845 ነው። እዚያው ቪየና ውስጥ ሽሮተር የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ፣ ጥቂት ዓመት እንኳ ሳይቆይ፣ ነጩ ፎስፎረስ ሲሞቅ ወደ ቀይ ፎስፎረስ እንደሚለወጥና ቀዩ መርዝ እንደማይሆን አሳየ። ስዊድናዊው ጉስታፍ ኤሪክ ፓሽ ደግሞ በ1844 ፎስፎረሱን ከእንጨቱ ጫፍ አንሥቶ በሳጥኑ ጎን ላይ መለጠፍ እንደሚቻል አስቦ ነበር። የዮንሾፒንግ ከተማዎቹ ሉንድስትሮም ወንድማማቾች ይህን ሐሳብ ከቀዩ ፎስፎረስ ጋር አጋብተው በ1855 ፓሪስ ለታየው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አቀረቡት። ዛሬ ከኪዮስክ የምንገዛት ክብሪት የዚያች ልጅ ናት። በግድግዳ ብትፈተግ አትነድም፤ የምትነደው በሳጥኗ ጎን ብቻ ነው።

ስለዚህ በ1855 በሽታው ይታወቃል፣ ምክንያቱ ይታወቃል፣ ምትኩ በእጅ አለ። የብሪታንያን መብት የገዛውም ያው ብራያንት ኤንድ ሜይ የተባለው የለንደን ኩባንያ ነው። ታዲያ ነጩ ፎስፎረስ ከዚያ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ እንዴት ቆየ? መልሱ አጭርና አሳፋሪ ነው፤ ርካሽ ነበር። ቀዩ ክብሪት በዋጋው ከፍ ይላል፣ ያለ ሳጥኑም አይሠራም። ገዢው ደግሞ ኪሱ ውስጥ ጣል አድርጎ በፈለገበት የሚጭራትን ይመርጣል። ኩባንያው ሁለቱንም ዓይነት ይሠራ ነበር፤ ሕዝቡ ርካሹን ሲገዛ ርካሹን አበዛ። ከበርቴውን ብቻ ወቅሶ ማለፍ ለኛ ለተማሪዎች ቀላል ነው፤ ግን ሲጋራውን በዚያች ክብሪት የለኮሰው ሰው ሁሉ በነገሩ ውስጥ እጁ አለበት።

በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ምንም ጥንቃቄ አልተደረገም ማለት አይደለም። እጃችሁን ታጠቡ ተባለ። መስኮት ክፈቱ ተባለ። ጥርሱን የሚያመው ሠራተኛ ይመርመር ተባለ፤ ያመመውንም አስነቅል፣ አለዚያ ሥራ ልቀቅ የሚባልበት ጊዜ ነበር ይባላል። ልብ በሉ፤ ትእዛዙ ሁሉ የሚዞረው በሠራተኛው አካል ላይ ነው። የሚታጠበው እጁ፣ የሚነቀለው ጥርሱ ነው። ፎስፎረሱ ግን በገበታው ላይ እንዳለ ይቀመጣል። የምግብ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ሠራተኞቹ ዳቦአቸውን የሚበሉት እዚያው በሚሠሩበት ገበታ ላይ፣ በዚያው ጭስ ውስጥ ነበር። በእጅ ቆርሶ ለሚበላ ሕዝብ፣ ለእኛ ለባለ እንጀራዎች፣ ይህ ነገር ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለንም።

ወደ 1888 እንምጣ። በምሥራቅ ለንደን ቦው በሚባለው ሰፈር በነበረው የብራያንት ኤንድ ሜይ ፋብሪካ የሚሠሩት በብዛት ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከአየርላንድ የመጡ ቤተ ሰቦች ልጆች። በጁን 23 አኒ ቤሳንት የተባለች ጸሐፊ «ዘ ሊንክ» በምትባል ትንሽ ጋዜጣዋ «የነጭ ባርነት በለንደን» የሚል ጽሑፍ አወጣች። የጻፈችው ነገር ዛሬም ያስገርማል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በሳምንት 4 ሺሊንግ ታገኛለች፣ የኩባንያው ባለ አክሲዮኖች ደግሞ ከ20 በመቶ በላይ የትርፍ ድርሻ ይከፈላቸዋል። እግሯ የቆሸሸ ትቀጣለች። ስታወራ የተያዘች ትቀጣለች። ያረፈደች የግማሽ ቀን ደመወዟን ታጣለች።

ኩባንያው ምን አደረገ? የተጻፈው ሐሰት ነው የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ ሠራተኞቹን ፈርሙ አለ። አንፈርምም አሉ። አንዲት ሠራተኛ ስትባረር በጁላይ መጀመሪያ ሥራ ቆመ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ 1,400 ያህል ሴቶች ከፋብሪካው ወጡ። ወደ ፓርላማም መልእክተኞች ላኩ። የለንደን የሠራተኛ ማኅበራት ምክር ቤት መሐል ገባ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኩባንያው ተሸነፈ።

አድማው ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወደሰው የቤሳንት ስም ነው። ሉዊዝ ሮ የተባለች የታሪክ ጸሐፊ በ2009 ባሳተመችው መጽሐፍ ግን ይህን ተቃውማለች። ሴቶቹ አድማውን የመቱት በራሳቸው ነው፤ ቤሳንት የደረሰችው ነገሩ ከተጀመረ በኋላ ነው ትላለች። የእኛም ልብ ወደዚህ ያደላል። የተማረ ሰው በጽሑፉ ሠራተኛውን «ቀሰቀሰው» የሚለው ተረት ለተማሪ ጆሮ በጣም ስለሚጥም ብቻ እንኳ ሊጠረጠር ይገባዋል።

አሁን ወደ ስምምነቱ ቃል እንግባ፤ የጉዳያችን እምብርት እሱ ነው። መቀጮው ይቅር። ለቀለምና ለብሩሽ የሚቆረጠው ገንዘብ ይቅር። የተባረሩት ይመለሱ። አቤቱታ በአለቃ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ ይቅረብ። እና ደግሞ ለቁርስ የሚሆን፣ ከሥራው ቦታ የተለየ ክፍል ይሠራ። ያች ክፍል ምግቡን ከፎስፎረሱ ትለያለች። ሴቶቹ ስለ ኬሚስትሪ ትምህርት አልነበራቸውም፤ ነገር ግን መርዙ በየት በኩል እንደሚገባ ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር። ያም ሆኖ፣ በዚያ ሁሉ ድል መካከል፣ ነጭ ፎስፎረስ ከፋብሪካው ይውጣ የሚል ቃል የለም። ዳቦው ከመርዙ ተለየ እንጂ መርዙ አልወጣም። ይህን ስንል ሴቶቹን መንቀፋችን አይደለም። በ4 ሺሊንግ የምትኖር ልጅ የኩባንያውን የማምረቻ ዘዴ ለውጡ ብላ የምትደራደርበት አቅም ከየት ታመጣለች?

ከአድማው ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1891፣ «ሳልቬሽን አርሚ» የተባለው የክርስቲያን ማኅበር እዚያው አካባቢ በቀይ ፎስፎረስ ብቻ የሚሠራ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ። ለሠራተኛም የተሻለ ይከፍል ነበር። ክብሪቱ ግን ውድ ነበርና ብዙ አልተሸጠም፤ አሥር ዓመት ቆይቶ ሥራው አበቃ። በበጎ ፈቃድ ብቻ ገበያን ማሸነፍ እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

መንግሥትስ? ከ1895 ጀምሮ የፎስፎረስ መመረዝ የደረሰበት ሠራተኛ ሲኖር ለፋብሪካ ተቆጣጣሪ እንዲነገር ሕግ ያዝ ነበር። በ1898 ግን ብራያንት ኤንድ ሜይ 17 ሰዎች መታመማቸውን፣ ከእነሱም 6ቱ መሞታቸውን ሳያሳውቅ መቅረቱ ታወቀ። ፍርድ ቤት ቀረበ። የተፈረደበት ከነኪሣራው 25 ፓውንድ ከ9 ሺሊንግ ነው። አይ ፍርድ! አንዲት ልጅ እግሯ ቆሽሾ ስትቀጣ ከነበረው ጋር ብናስተያየው፣ ከገቢያቸው አንጻር የበለጠ የተቀጣችው እሷ ናት። ሆኖም ጋዜጦች ስሙን አጠፉት፣ ኩባንያውም በ1901 ነጭ ፎስፎረስ መጠቀም አቆመ።

መፍትሔው በመጨረሻ የመጣው ከሁለት ወገን ተጣምሮ ነው። በአንድ በኩል በ1898 ሴቬንና ካየን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከፎስፎረስና ከድኝ የተሠራ፣ መርዝ የሌለበት፣ ግን በየትም የሚፈተግ ክብሪት አወጡ፤ የገዢው ሰበብ አለቀ። በሌላ በኩል ሕግ ነበር። ፊንላንድ በ1872፣ ዴንማርክ በ1874 ነጩን ፎስፎረስ ከልክለው ነበር። በ1906 በርን ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታት በነጭ ፎስፎረስ የተሠራ ክብሪት እንዳይመረት፣ እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥ የሚል ስምምነት ተፈራረሙ። ብሪታንያ በ1908 ሕግ አወጣች፣ ከ1910 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሎሪንዘር ከጻፈ ስድሳ ዓመት አልፎታል።

የአሜሪካው አካሄድ ደግሞ ለብቻው ይገርማል። እዚያ የአዲሱን ክብሪት መብት የያዘው ዳይመንድ ማች የተባለው ኩባንያ ነበር፤ ሌሎቹ ፋብሪካዎች መርዙን ይተዉ ቢባል በእሱ እጅ ሊወድቁ ነው። በብዙ ውትወታ፣ ፕሬዚዳንት ታፍትም ገብተውበት፣ ኩባንያው በ1911 መብቱን ለሕዝብ ለቀቀ። ምክር ቤቱም መከልከል ሥልጣኔ አይደለም ብሎ ስለ ሰጋ በ1912 በሌላ መንገድ ዞረ፤ በነጭ ፎስፎረስ የተሠራ ክብሪት በመቶው 2 ሳንቲም ግብር ይክፈል አለ። ከዚያ ወዲያ ርካሹ ክብሪት ርካሽ መሆኑ ቀረ፤ ማንም ሊሠራው አልፈለገም። ዋጋ ያቆየውን ነገር ዋጋ ገደለው።

ዛሬ የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች የሚያስተምሩት ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ አደገኛው ነገር ይወገዳል፣ ካልሆነ በሌላ ይተካል፣ ካልሆነ በአየር ማናፈሻና በመከለያ ከሰው ይለያል፣ ከዚያ የአሠራር ደንብ ይወጣል። ጓንትና ጭምብል የሚመጡት በመጨረሻ ነው። የክብሪትን ታሪክ ያየ ሰው የቦው ፋብሪካ ይህንኑ መሰላል ከታች ወደ ላይ፣ በአንድ ትውልድ አንድ እርከን፣ እንደ ወጣ ይታዘባል።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1919 ዋሽንግተን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰብ ካወጣቸው ምክረ ሐሳቦች አንዱ መንግሥታት በበርኑ ስምምነት እንዲገቡ የሚያሳስብ ነበር። አገራችን የዚህ ድርጅት አባል የሆነችው በ1923፣ ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባችበት ዓመት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና ስለ አደጋው እንዲያስተምረው፣ ሠራተኛውም የተሰጠውን እንዲጠቀምበት ያዛል። ጥሩ ነው። ግን በአበባ እርሻዎቻችን የሚረጨው ፀረ ተባይ፣ በቆዳ ፋብሪካዎቻችን የሚፈሰው ክሮም ሲነሣ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከጓንት ይጀምርና በጓንት ያልቃል። በርሜሉ ውስጥ ስላለው ነገር፣ ምትክ አለው ወይ፣ ምትኩስ ስንት ያወጣል ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ፣ እሱ ከመሰላሉ አናት ጀምሯል ማለት ነው።