ማዳበሪያ፦ ይዘቱ ወይስ ጆንያው?

«ማዳበሪያ» «አዳበረ» ከሚለው ግስ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው፤ አፈርን የሚያፋፋ ነገር ማለት ነው። ገበያው ግን ስሙን ለጆንያውም ሰጥቶታል፤ ከምሥራቅ ጎጃሟ የጁቤ እስከ አዲስ አበባ እህል «በማዳበሪያ» ይጫናል። ዋናው ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ስለ ማዳበሪያ ማምረትና ንግድ የወጣው አዋጅ ቁጥር 137/1991 ትርጉም የሚኖረው ቁጥጥሩ ጆንያውን አልፎ ይዘቱ ላይ ሲደርስ ነው፤ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ያልሆነ ዩሪያ ስሙን ብቻ የያዘ ነው። «ገበሬው በአዝመራው ይለየዋል» የሚል አይጠፋም። መለየቱንስ ይለየዋል፣ ግን ገንዘቡም ክረምቱም ካለፉ በኋላ። ደግሞስ አሲዳማ በሆነው የምሥራቅ ጎጃም ቀይ አፈር ጥፋተኛው ሻጩ ላይሆን ይችላል፤ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አስረው ሰብሉን ይነፍጉታል። ማሰሪያውን የሚፈታው ኖራ በልማድ ማዳበሪያ አይባልም እንጂ፣ በግሱ ፍቺ ከሄድን ያዳብራል።

ቁጥጥር ሲጠብቅ አቅርቦት ይመነምናል የሚለው ስጋት ግን መሠረት አለው፤ በ2015 የአማራ ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው ባሕር ዳር ድረስ ወጥተው ጮኸዋል። ይሁንና ማን ይሽጥ ብሎ በር መዝጋትና ምን ተሸጠ ብሎ መመርመር ለየቅል ናቸው። መንግሥት ሁለተኛውን ያጥብቅ፤ ኖራውንም አብሮ ይመርምር።