ደብዳቤው ራሱ አባሪ የነበረበት ዘመን

ኢሜይል ወደ ኢትዮጵያ በገባባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው መልእክቱን እንዳለ ይተይብ ነበር። አባሪ የሚያስፈልገው ሰንጠረዥ ወይም ፎቶግራፍ ሲኖረው ብቻ ነው። በአማርኛ ለሚጽፍ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ሰላምታውም፣ ጉዳዩም፣ መዝጊያውም በአንድ ፋይል ታጭቀው ካልተላኩ በፊደላችን አይደርሱም። ደብዳቤው ራሱ አባሪ ነበር።

ኢሜይል አገራችን የደረሰው ከኢንተርኔት ቀድሞ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የልማት መረጃ ክፍል በፊዶኔት ዘዴ አገልግሎቱን ጀመረ። ፊዶኔትን እ.ኤ.አ. በ1984 የፈጠረው አሜሪካዊው ቶም ጄኒንግስ ነው። ዘዴው ቋሚ መስመር አይፈልግም። ተጠቃሚው በራሱ ኮምፒውተር ጽፎ ያጠራቅማል፤ ሞደሙ በተራ የስልክ መስመር ወደ ማዕከሉ ደውሎ የተጻፈውን ያስረክባል፣ የመጣውን ይረከባል፣ ይዘጋል። ማዕከሉ ደግሞ በስልክ ከውጭ ጋር ይገናኛል። የውጭ ስልክ በደቂቃ የሚከፈልበት ስለነበር ፋይል ሳይጨመቅ አይላክም ነበር። ቴሌ ኢንተርኔትን የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አገሪቱን ከውጭ ያገናኘው መስመር በሴኮንድ 256 ኪሎቢት ብቻ ነበር።

ዋናው ችግር ግን የመስመሩ ጥበት አልነበረም። ኢሜይል ሲወጠን የታሰበው ለተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው የመላኪያ ደንብ የሚያሳልፈው ሰባት ቢት የሚበቃቸውን ምልክቶች ብቻ ነው። ስምንተኛው ቢት በመንገድ ሊቆረጥ ይችል ነበር። ፎቶግራፍም ሆነ የአማርኛ ሰነድ ሳይለወጥ ቢላክ ተበላሽቶ ሊደርስ ይችል ነበር።

ለዚህ መላ የተገኘው ያ ደንብ ከመውጣቱም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ሜሪ አን ሆርተን ዩዩኤንኮድ የተባለውን ፕሮግራም ጻፈች። ፕሮግራሙ ማንኛውንም ፋይል ወደሚታተሙ ምልክቶች ይለውጣል። ላኪው በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ የፕሮግራሙን ስም፣ ቀጥሎም የፋይሉን ስም ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ ከዚያ ቁልቁል የቆመች መስመር (|) አስገብቶ ውጤቱን ለሜይል ፕሮግራም ያስተላልፋል። ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው የፋይሉን ስም በያዘ መስመር የሚጀምር የምልክት ክምር ነው። ሙሉ የሆነው መስመር ሁሉ በላቲኑ ኤም ይጀምራል፤ ምክንያቱም ኤም «በዚህ መስመር 45 ባይት አለ» ማለት ነው። ከመሐል አንድ መስመር ከጎደለ ሰነዱ ተበላሽቶ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1992 ናትናኤል ቦረንስታይን የአራት ዘፋኞችን ፎቶግራፍና ድምፅ አያይዞ ላከ። እሱና ኔድ ፍሪድ ያዘጋጁት ማይም የተባለው ደንብም በዚያው ዓመት ወጣ። ማይም የሠራው የመዝገብ ቤት ሸኚ ደብዳቤ የሚሠራውን ነው፤ ምን እንደተያያዘ፣ ዓይነቱንና ስሙን ለተቀባዩ ይነግራል። የፋይሉ ይዘት ደግሞ ቤዝ64 በሚባል ዘዴ ይጻፋል፤ ሦስት ባይት በአራት ምልክት ይተካል። አባሪ በሲሶ የሚያብጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ 25 ሜጋባይት በሚፈቅድ የመልእክት ሳጥን ከ18 ሜጋባይት ብዙም ያልበለጠ ፋይል የሚያልፈውም ለዚሁ ነው።

ማይም ፋይሉን በሰላም ቢያደርስም የአማርኛውን ጣጣ አልጨረሰም። ቪዥዋል ግዕዝም ሆነ ፓወር ግዕዝ ለየፊደሉ የሚሰጡት የየራሳቸው ቁጥር ነበራቸው። ተቀባዩ ያው ፎንት ከሌለው ሰነዱ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈትበታል። ስለዚህ ብዙዎች ፎንቱንም ጨምረው ይልኩ ነበር። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የቀረጹት ሴራ የተባለው ሥርዓት ደግሞ አማርኛን በላቲን ፊደል፣ ተመልሶ ወደ ግዕዝ ሊለወጥ በሚችል መንገድ አስጻፈ።

በላቲንና በግዕዝ ፊደል መካከል ያለው ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታይ የነበረው በሀድያ ዞን እንዳለችው ሆሳዕና ባሉ ከተሞች ነው። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሀድይኛና ከምባትኛ በትምህርት ቤት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግን አማርኛ ነበር። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ኮምፒውተር፣ ለዘመድ የሚጻፈው የሀድይኛ ሰላምታ በተራው የኢሜይል ጽሑፍ ውስጥ ያለ ችግር ያልፍ ነበር፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚጻፈው የአማርኛ ሪፖርት ግን ፋይልና ፎንት ይፈልግ ነበር።

መፍትሔው የመጣው በዩኒኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ሦስተኛው እትም የግዕዝ ፊደላትን ቋሚ ቁጥር ሰጣቸው፤ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ ዩቲኤፍ ኤይት በሚባለው አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሦስት ባይት ደግሞ በቤዝ64 ልክ አራት ምልክት ነው። ሀ ሲለወጥ 4YiA ይሆናል። ብቻውን የተለወጠ ማንኛውም የተለመደ የአማርኛ ፊደል የሚጀምረው በዚሁ በ4 ቁጥር ነው።

በትእዛዝ መስመር መላክ ዛሬም አለ፤ በየሌሊቱ ራሱ ሪፖርት የሚልክ ሰርቨር የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ማይክል ኤልኪንስ እ.ኤ.አ. በ1995 በጀመረው መት በተባለው ፕሮግራም የላቲኑ ኤስ ርእሱን፣ ኤ አባሪውን ያመለክታሉ፤ ከተቀባዩ አድራሻ በፊት ሁለት ሰረዝ ካልገባ ፕሮግራሙ አድራሻውንም እንደ ፋይል ይቆጥረዋል። ሜይልኤክስ በተባለው ሌላ ፕሮግራም ግን ያው ኤ በአንዳንዱ ማሽን ፋይል ያያይዛል፣ በሌላው የራስጌ መስመር ይጨምራል። ስለዚህ መመሪያውን ሳያነቡ መላክ አይበጅም።

ዛሬ በሀድያ ዞን ጃጁራ ያለ መምህር ደቡብ አፍሪካ ላለ ወንድሙ ከስልኩ በአማርኛ ቢጽፍ ፎንት መላክ አያስፈልገውም። ያ ሁሉ አባሪ ግን አሁንም በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ ፍሎፒና ሲዲ ላይ ተቀምጧል፤ የሚያነበው ፎንትም እየጠፋ ነው። እንዲህ ያለ የአማርኛ ፋይል ያላችሁ፣ ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር ከመጣሉ በፊት ወደ ዩኒኮድ አስለውጡት፤ ካልሆነም አትማችሁ አስቀምጡት።