የዛገ ሻንሲን በብየዳ መጠገን፦ ባለንብረቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ይህ መረጃ ነባር ተሽከርካሪ ያላቸው ዜጎች ዝገት የበላውን ሻንሲ በግቢያቸው ከመበየዳቸው ወይም ከማስበየዳቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ የደህንነትና የአገልግሎት ጉዳዮችን ይዟል። ምሳሌዎቹ ከደብረ ታቦር፣ ከእብናትና ከአካባቢው የተወሰዱ ቢሆኑም በሌሎች አካባቢዎች ለሚገኙ ባለንብረቶችም ያገለግላሉ።

ጉዳዩ ለምን ትኩረት ይሻል?

በአገራችን 30 እና 40 ዓመት ያገለገሉ ላንድክሩዘሮች፣ ቮልስዋገኖችና ፊያቶች ዛሬም በመንገድ ላይ ይገኛሉ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። በመሆኑም ነባሩን ተሽከርካሪ ጠግኖ መጠቀም ለብዙ ባለንብረቶች ተመራጭ ሆኗል።

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ ፎገራ ሜዳ ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በእንዲህ ዓይነቱ ቁልቁለት ፍሬን በተያዘ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ጫናውን የሚሸከመውም ሻንሲው ነው። ከላይ ሲታይ ያማረ፣ ከውስጥ ግን ከብረቱ ጋር ያልተዋሐደ ብየዳ የሚለቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ዝገቱ ከየት ይጀምራል?

በክረምት ወራት በሻንሲው ሣጥን ውስጥ የሚገባው ጭቃ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። በረዶ ለማቅለጥ መንገዳቸው ላይ ጨው ከሚነሰንሱ አገሮች ያገለገሉ ሆነው የገቡ ተሽከርካሪዎችም ዝገቱን ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ስለሆነም ቀለም መቀባቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። ሻንሲው በትንሽ መዶሻ ሲመታ ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል ወይም ይሰረጉዳል።

በቤት የሚሠራውና የማይሠራው

የወለል ላሜራ፣ የጭቃ መከላከያና የባትሪ ማስቀመጫ ልምድ ባለው በያጅ በግቢ ውስጥ ሊጠገኑ ይችላሉ። የሚከተሉት ግን ብቃቱ ለተረጋገጠ ጋራዥ ሊተዉ ይገባል፦

• የመሪ ሳጥን፣ የባሌስትራና የሞተር ማሰሪያ ያረፈባቸው ቦታዎች፤
• የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ዋና የሻንሲ አካል፤
• የጭነት ተሽከርካሪ ሻንሲ፤ ይህ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ሕክምና ሊሆን ስለሚችል የብየዳ ሙቀት ያዳክመዋል፤
• የሻንሲ ቁጥር የተመታበት አካባቢ።

ላንድክሩዘር ከአካሉ የተለየ መሰላል መሰል ሻንሲ አለው። ፊያት 600 እና ላዳ ግን የተለየ ሻንሲ ስለሌላቸው የወለሉና የበሩ ሥር ላሜራ ራሱ ጫና ተሸካሚ ነው። በእነዚህ ላይ ላሜራውም እንደ ሻንሲ ሊታይ ይገባል።

ከብየዳ በፊት

1. የባትሪው ገመዶች ይፈቱ፤ ከኔጋቲቩ ይጀመር።
2. ብየዳው በነዳጅ ሳልባትዮ ወይም በነዳጅ ቱቦ አጠገብ ከሆነ ሳልባትዮው ወርዶ ከሥራው ቦታ ይራቅ። ባዶ ሳልባትዮ በውስጡ በቀረው ትነት ምክንያት ከሙሉው ይበልጥ ሊፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይበየድ።
3. ተሽከርካሪው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ይረፍ።
4. ምንጣፍ፣ ስፖንጅና የመቀመጫ ጨርቅ ይነሱ፤ ውሃና አሸዋ በቅርብ ይቀመጡ።
5. የቤቱ መስመር የብየዳ ማሽኑን ጭነት የሚችል መሆኑ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይረጋገጥ።

የብየዳው ሥራ

የዛገው ክፍል የሚያብረቀርቅ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ይወጣል፤ በዝገት ላይ መበየድ ቀዳዳውን መሸፈን እንጂ መጠገን አይደለም። መተኪያው ብረት ከነባሩ ጋር እኩል ውፍረት ይኑረው፤ ማዕዘኖቹም ስል ሳይሆኑ ክብ ይሁኑ። ዋናውን የሻንሲ አካል ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ የብየዳ መስመር ስንጥቅ ስለሚጋብዝ አይመከርም።

ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ብረት 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ባለው ኃይል መጠቀም የተለመደ ነው። ብየዳው አጭር አጭር ሆኖ ቦታ እየቀያየረ ቢሠራ ብረቱ አይጣመምም። የማሽኑ የመመለሻ ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር፤ ያለበለዚያ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ውስጥ አልፎ ጉዳት ያደርሳል። የካርባይድ ብየዳ ሰፊ ቦታ ስለሚያግል ለሻንሲ ተመራጭ አይደለም።

በያጁ ቁጥር 10 ወይም 11 መስታወት ያለው የፊት መከላከያ፣ የቆዳ ጓንትና የተዘጋ ጫማ ማድረግ አለበት። የፀሐይ መነጽር አይበቃም። የብየዳ ብርሃን በዓይን ላይ የሚያደርሰው ሕመም የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ሕፃናት ከሥራው ቦታ ይራቁ። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳት ስለሚያስከትል ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይከናወን። ሥራው ካበቃ በኋላም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ የተዳፈነ እሳት አለመኖሩ ይታይ። ጉዳት ከደረሰ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ብየዳው ሲቀዘቅዝ ተጠርጎ አንቲረስት ይቀባ፤ የሣጥኑም ውስጠኛ ክፍል አይረሳ። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች መደፈን የለባቸውም።

የሻንሲ ቁጥርና ዓመታዊ ምርመራ

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ ይመዘገባል፤ ዓመታዊ ምርመራም ይደረግለታል። የሻንሲ ቁጥር በሊብሬው ላይ የሰፈረ ዋነኛ መለያ ነው። በብዙ ላንድክሩዘሮች በቀኝ የፊት ጎማ አካባቢ በሻንሲው ላይ፣ በቮልስዋገን ደግሞ ከኋላ መቀመጫ ሥር ተመትቶ ይገኛል። በግራይንደር የተፋቀ ወይም በብየዳ የተሸፈነ ቁጥር ባለንብረቱን በሽያጭ፣ በስም ዝውውርና በምርመራ ወቅት ለችግር ይዳርጋል፤ ሆን ተብሎ ከተደረገም በሕግ ያስጠይቃል።

ስለዚህ ዝገቱ ወደ ቁጥሩ የተጠጋ ከሆነ ወይም ሻንሲውን መቀየር ካስፈለገ፣ ባለንብረቱ ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ተሽከርካሪው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንዲያሳውቅና መመሪያ እንዲቀበል ይመከራል። ሲሄድም ሊብሬውን፣ የባለቤትነት መታወቂያውንና የተጎዳውን ቦታ ፎቶግራፍ ይዞ ቢቀርብ ጉዳዩ ይቀልለታል። የጋራዡን ደረሰኝ፣ ከጥገናው በፊትና በኋላ የተነሱትን ፎቶግራፎች ጠብቆ ማቆየትም ለመርማሪው ማብራሪያ ይሆናል።

የተበየደ ተሽከርካሪ ሰው ወይም ጭነት ከመጫኑ በፊት ለምርመራ ይቅረብ። ከዚያም ከ500 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ የብየዳው መስመር ታጥቦ ስንጥቅ አለመኖሩ ይታይ። በብየዳው ዳር ቀጭን የዝገት መስመር ከታየ ስንጥቅ መጀመሩን ሊያመለክት ስለሚችል ተሽከርካሪው በባለሙያ እስኪታይ ድረስ መቆም ይኖርበታል።